የአሸዋ ባጊ በእጅ ሲሠራ፦ የትኛው ሰስፔንሽን፣ የትኛው ፍሬም?

ባጊ፣ ማለትም አሸዋ ላይ የሚነዳ ቀላል ክፍት መኪና፣ ልሥራ ብሎ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፍሬሙ ነው። ቱቦ ይገዛል፣ ጋራዡ ወለል ላይ በጠመኔ ይሥላል፣ ይቆርጣል፣ ይበይዳል። ቅዳሜና እሑድ እያለ ሁለት ወር ሲሞላው ዓይን የሚሞላ ነገር ቆሞ ያያል። ከዚያ ሾክ አብዞርበሩን ይዞ ሲመጣ ማሰሪያ ቦታ ያጣል፤ የላይኛው ጫፍ የወንበሩን ጀርባ ይነካል፣ የታችኛው ከአክስሉ ጋር ይፋተጋል። እኔም የመጀመሪያዬን የሠራሁት እንዲሁ ነው። የኋላውን ግማሽ ፍሬም በግራይንደር ቆርጬ ጥዬ እንደገና ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት ደርሶብኛል።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው የተለመደውን ቅደም ተከተል ገልብጬ ነው። መጀመሪያ ጎማው ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንዲል እንደምትፈልጉ ትወስናላችሁ፤ ቀጥሎ ያንን የሚሰጣችሁን ሰስፔንሽን፣ ማለትም ጎማውን ከፍሬሙ ጋር አያይዞ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ክፍል፣ ትመርጣላችሁ፤ ፍሬሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የፍሬም ሥራው ሰስፔንሽኑ የሚታሰርባቸውን ነጥቦች ሳይነቃነቁ መያዝና ሲገለበጥ ሰውን ማዳን ነው።

የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ዱሞንት የሚባለው የአሸዋ ክምር ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ወደ ደቡብ፣ ሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ደግሞ ሰው ግላሚስ እያለ የሚጠራው የኢምፔሪያል አሸዋ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ አያስኬድም፤ ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። ዱባይ፣ አቡ ዳቢ ወይም ዶሃ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ አሸዋው የእናንተም ነው፤ ስሌቱ አይለወጥም። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሸዋው የሚጠይቀው

ደረቅ አሸዋ ሲከመር ጠባይ አለው። ነፋስ የሚመጣበት ጎኑ በቀስታ ይወጣል፤ ማዶው ግን ወደ 34 ዲግሪ ገደማ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከታች እየጋለባችሁ ስትወጡ ማዶው አይታይም። ጫፉን እንዳለፋችሁ አፍንጫው ይደፋል፤ ግርጌ ላይ፣ ቁልቁለቱ ከሜዳው ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ መኪናው ባለ በሌለ ክብደቱ ሰስፔንሽኑ ላይ ይጫናል። የወገባችሁ ዕጣ የሚወሰነው እዚያች ቦታ ላይ ነው። ሁለተኛው ፈተና ሰው ድንኳን ከሚተክልበት አጠገብ ያለው ነው። ብዙ ጎማ የተመላለሰበት አሸዋ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሸበሸባል፤ አንዳንዱ ጉብታ ጉልበት ይደርሳል።

ከዚህ ሌላ አሸዋ ክብደት አይወድም፣ ከፊት ደግሞ ጨርሶ አይወድም። ፊቱ የከበደ መኪና አፍንጫውን ይቀብራል። ስለዚህ ከክብደቱ ከ60 እስከ 65 በመቶ የሚሆነው ኋላ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ከኋላ እንደ መቅዘፊያ ጥርስ ያወጣ ሰፊ ጎማ፣ ከፊት መሐሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ ያለው ለስላሳ ቀጭን ጎማ ይገባል። ፊቱ ከመቅለሉ የተነሣ መሪ ብቻውን አያዞረውም፤ ለዚህ ነው ብዙዎቹ የቀኝና የግራ የኋላ ጎማን ለየብቻ የሚይዝ የእጅ ፍሬን የሚጨምሩት።

ጎማው ተንጠልጥሎ ካለበት ከፍ ብሎ እስከሚቆምበት ያለውን ርቀት የጎማ ጉዞ እንበለው። 15 ሳንቲ ሜትር ጉዞ ያለው ባጊ ለባሕር ዳርቻና ለዝቅተኛ ክምር ይበቃል። ከ25 እስከ 30 ያለው ቀኑን ሙሉ ትልልቁን ክምር ያለ ወገብ ሕመም ያስኬዳል። ከ40 በላይ የሚፈልገው መዝለል የሚፈልግ ነው። ጉዞው በጨመረ ቁጥር መኪናው ከመሬት ይነሣል፣ እንዳይገለበጥ ጎኑ መስፋት አለበት፣ ክንዱ ይረዝማል፣ የአክስሉ መገጣጠሚያ ይወደዳል። ያ ሁሉ ደግሞ ክብደት ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ከኋላ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ከፊት 15 ቢሆን ልቤ ያርፋል።

ሁሉም ወደ ቮልስ የሚዞረው ለምንድን ነው

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቮልስን ያውቃታል። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ውኃ አትጠጣም፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻሏ አንድ ላይ ነው፣ የአራቱም ጎማ ሰስፔንሽን ለየብቻ ነው። አሸዋ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከእሷ በፊት ካሊፎርኒያ አሸዋ ላይ ይነዱ የነበሩት ራዲያተር የተሸከሙ ከባድ የአሜሪካ መኪኖች ናቸው። 1964 ላይ ብሩስ ማየርስ የሚባል ሰው ኒውፖርት ቢች ውስጥ ከፋይበርግላስ ገላ ሠርቶ የቮልስን ሞተርና ሰስፔንሽን ገጠመበት፤ ማየርስ ማንክስ የተባለችው ያች ናት። 1967 ላይ ከቴድ ማንግልስ ጋር ሆኖ ከላ ፓዝ እስከ ቲሁዋና ያለውን የባሃ በረሃ በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ጨረሰ፤ በሞተር ብስክሌት የተያዘውን ሰዓት ከአምስት ሰዓት በላይ አሻሻለው። ከዚያ ወዲህ ለባጊ የሚሆን የቮልስ ዕቃ የሚሠራ ገበያ አልጠፋም፤ ዛሬም አዲስ ቢም (የፊት ጎማዎቹን የሚይዘው ክፍል)፣ አዲስ ክንድ፣ አዲስ አክስል ይገኛል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ደህና ሆና የምትሄድ ቮልስ ለዚህ ሥራ አትቁረጡ። ገላዋ የበሰበሰ፣ ተጋጭታ የተጣለች ሞልታለች፤ እናንተ የምትፈልጉት ከሥር ያለውን ብቻ ነው።

ከፊት፦ ቢም ወይስ ሁለት ክንድ

የቮልስ ቢም ሁለት ቱቦ አንዱ ካንዱ በላይ ተኝቶ የተያያዘ ነው። በየቱቦው ውስጥ ቀጫጭን ብረት ተደራርቦ አለ፤ ሲያዩት ባሌስትራ ይመስላል፣ የሚሠራው ግን ተጠምዝዞ ነው። ከየጫፉ ወደ ኋላ የሚዘረጋ ክንድ አለ፣ ጎማው እሱ ላይ ነው። ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ወደ ጎን አይጋደልም፣ ከሌላኛው ጎማ ያለው ርቀትም አይለወጥም። እኛ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ይህን ያህል ቀጥ ብሎ የሚሠራ ነገር በእጅ መሥራት ቀላል አይደለም፤ እዚህ ግን ተሠርቶ ይመጣል። አራት ብሎን ታስራላችሁ፣ አበቃ። ቢሙን ፍሬሙ ላይ መበየድ ከፈለጋችሁም በጥቂት በጥቂቱ እያቀዘቀዛችሁ ይሁን፤ ውስጡ ያለውን ኩሽኔታ ሙቀቱ ይበላዋል።

ሁለት ዓይነት አለው። እስከ 1965 የተሠራው ጎማውን በኪንግ ፒንና በሊንክ ፒን፣ ማለትም በብረት ካስማዎች፣ የሚይዝ ነው፤ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ቦል ጆይንት፣ ማለትም ኳስ የመሰለ መገጣጠሚያ፣ ሆነ። ለመንገድ አዲሱ ይሻላል። ለአሸዋ ግን አሮጌውን ምረጡ፤ ቦል ጆይንቱ ጎማው ብዙ ሲወርድ ከዳር ደርሶ ይጨናነቃል፣ ሊንክ ፒኑ ይከተላል። ዕቃውም ጠንካራ ነው፣ ሲላላ ደግሞ በቀጭን ዋሸር ይስተካከላል።

ባጊ ከቮልስ እጅግ ስለሚቀል ቢሙ እንዳለ ከገባ ፊቱ ይደርቃል። ከውስጡ የተደራረበውን ብረት በከፊል መቀነስ የተለመደ ነው። ነገር ግን ክንዱን ወደ ጎን እንዳይወጣ የያዘውም ያው ብረት ነው፤ ሁሉንም ጠርጎ ማውጣት ክንዱን ያለ መያዣ ማስቀረት ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ከላይና ከታች ሁለት ክንድ፣ መሐሉ ላይ ሾክ ያለው ነው። ጉዞው 30፣ 40፣ ከዚያም በላይ ይደርሳል። እኔ አልቃወመውም፤ ነገር ግን ይህን ስትመርጡ ንድፉን የሠራው መሐንዲስ እናንተ ትሆናላችሁ። የክንዶቹ ርዝመትና ማዕዘን ጎማው ሲነሣ ምን ያህል እንደሚጋደል ይወስናል። ከሁሉ የሚብሰው የመሪው ዘንግ ነው። ከውስጥ ያለው የመሪ ዘንግ መጋጠሚያ የላይኛውና የታችኛው ክንድ የውስጥ ማጠፊያዎች በሚሠሩት መስመር ላይ ካልዋለ፣ ዘንጉም የሁለቱ ክንዶች መስመር ቢቀጥል ወደሚገናኝበት ነጥብ ካላመራ፣ ጎማው ከፍ ባለ ቁጥር መሪውን ሳትነኩት ራሱ ይዞራል። አሸዋ ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ስትበሩ ሁለቱም የፊት ጎማ ወደ ውስጥ ሲዞር የሚሰማው ስሜት አይረሳም።

ሁለት ክንድ የግድ ካላችሁ ሥራውን በወረቀት ሳይሆን በካርቶን ጀምሩ። ክንዶቹን በልካቸው ከወፍራም ካርቶን ቁረጡ፣ ማጠፊያቸውን በመርፌ ቁልፍ ግድግዳ ላይ ስኩ፣ ጎማውን የሚወክል ካርቶን አያይዙና ከፍ ዝቅ አድርጉት። አንድ ምሽት ይወስዳል፤ ብረት ከማባከን ያድናችኋል።

ከኋላ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

አሮጌ ቮልስ ሥር ገብታችሁ ተመልከቱ። ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ከሆነና የላስቲክ ሽፋን ያለው ካምቢዮው ጎን ብቻ ከሆነ፣ ያ ስዊንግ አክስል ነው። ቀጭን ዘንግ ሆኖ በሁለቱም ጫፍ የላስቲክ ሽፋን ካለው ግን የተሻለው ነው፤ አሜሪካ ለገባችው ቮልስ ከ1969 ሞዴል ጀምሮ የተደረገው ይኸኛው ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደሉ አይ አር ኤስ ይሉታል።

ስዊንግ አክስል ርካሽ ነው፣ አሠራሩ ቀላል ነው፣ ለመስበርም ከባድ ነው። ችግሩ አንድ ማጠፊያ ብቻ ስላለው ጎማው ከአክስሉ ጋር አብሮ መጋደሉ ነው። ከጫፍ ላይ ተነሥታችሁ አየር ላይ ስትሆኑ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እንደተሰበረ እግር ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ስታርፉ በጠርዛቸው ነው የሚያርፉት፤ ያን ጊዜ መኪናው እየዞረ ከሆነ ወደ ላይ ይገፋዋል። ባሕር ዳርቻ ላይ ቀስ ብሎ ለመንዳት ካልሆነ በቀር እኔ አልመክረውም፤ ነጻ ቢሰጣችሁም አልመክረውም።

አይ አር ኤስ ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ነው። ክንዱ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ጎማውን ቀና አድርጎ ይይዛል፣ አክስሉ በሁለት ሲ ቪ ጆይንት፣ ማለትም እየታጠፈም ማዞሩን በማያቋርጥ መገጣጠሚያ፣ ይተጣጠፋል። የጉዞው ወሰን ያለው ሾኩ ላይ ሳይሆን ሲ ቪ ጆይንቱ ላይ ነው፣ ይህንን በቁጥር ማየት ደግሞ አያስቸግርም። በሁለቱ ጆይንት መሐል ያለው ርቀት 40 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ጆይንቱ 20 ዲግሪ ብቻ የሚታጠፍ ከሆነ ጎማው ከልኩ ወደ ላይ 14፣ ወደ ታች 14 ገደማ ይሄዳል፤ ድምሩ 28 ነው። 25 ዲግሪ የሚታጠፍ ጆይንት ብታስገቡ 34 ይደርሳል። አክስሉን ብታስረዝሙትም እንዲሁ ይጨምራል። ሰው ረዥም ሾክ ገዝቶ፣ ጉዞ አገኘሁ ብሎ፣ በሁለተኛው ቀን ሲ ቪ ጆይንቱን አሸዋው ላይ በትኖት የሚመለሰው ይህን ሳያሰላ ነው።

ከዚያ በላይ የሚፈልግ ረዥም የኋላ ክንድ ከቱቦና ከላሜራ ያሠራል፤ ጎማው ከማጠፊያው የበለጠ ስለሚርቅ ጉዞው 40ና 45 ይገባል። ዋጋው ግን ክንዱ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ጆይንት፣ ጠንካራ አክስል፣ የተጠናከረ ካምቢዮ ይከተላል።

ሌላም መንገድ አለ። የሞተር ብስክሌት ሞተር የሚጠቀም አንድ ሰው የሚይዝ ትንሽ ባጊ ከሆነ የምትሠሩት፣ ዲፈረንሻል የሌለው አንድ ወጥ አክስል በሰንሰለት ማዞር ይቻላል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሁለቱም ጎማ እኩል ስለሚዞር አሸዋ ላይ ይጎትታል። መጠንቀቅ ያለባችሁ የክንዱ ማጠፊያ በተቻለ መጠን ለሞተሩ የሰንሰለት ጥርስ መሐል እንዲቀርብ ነው። ከራቀ ጎማው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ሰንሰለቱ ይላላል፣ ይከራል፣ በመጨረሻም ይወልቃል።

የቮልስን ሞተር ከካምቢዮው ፊት፣ ወደ መሐል ለማምጣት ላሰባችሁ አንድ ማስታወሻ፦ ካምቢዮውን ብቻ አዙራችሁ ከገጠማችሁት አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያለው መኪና ይኖራችኋል። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ጥርስ ወደ ሌላው ጎን መገልበጥ አለበት።

ቶርሽን ባር፣ ሞላ፣ ባሌስትራ

ቮልስ ከኋላም የሚይዛት ቶርሽን ባር ነው፤ አንድ ሙሉ ብረት በአንድ ጫፉ መሐል ላይ ተሰክቶ፣ በሌላው ጫፉ ክንዱን ይዞ ይጠመዘዛል። ቦታ አይፈጅም፣ አሸዋ አይገባበትም፣ አይዝግም ማለት ይቻላል። ከፍታውን የምታስተካክሉበት መንገድ ሳየው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የውስጠኛው ጫፍ 40 ጥርስ አለው፣ የውጪው 44። ውስጡን በአንድ ጥርስ ወደ ላይ ብታዞሩት 9 ዲግሪ ነው፤ ውጪውን በአንድ ጥርስ ወደ ታች ብትመልሱት ከ8 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል። ልዩነቱ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ከፍታውን በጥቂት ሚሊ ሜትር መጨመርና መቀነስ ትችላላችሁ። በብዕር ምልክት ሳታደርጉ እንዳታወጡት ብቻ።

ጠንከር ያለ ስትፈልጉ ጥቂቱ ብዙ መሆኑን አትርሱ። የቶርሽን ባር ጥንካሬ ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው። የ22 ሚሊውን በ24 ብትተኩት ውፍረቱ የጨመረው 9 በመቶ ነው፣ ጥንካሬው ግን 40 በመቶ ያህል ዘሏል።

ሞላ የተጠመጠመበት ሾክ ስትመርጡ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው የት ላይ አሰራችሁት በሚለው ነው። ሾኩ ጎማው ላይ ሳይሆን ክንዱ መሐል አካባቢ ስለሚታሰር ጎማው በ30 ሳንቲ ሜትር ሲነሣ ሾኩ የሚሄደው ለምሳሌ 18 ነው፤ ምጣኔው 0.6 ነው ማለት ነው። ሞላው ጎማው ላይ የሚሰማው ግን በ0.6 ሳይሆን በ0.36 ተባዝቶ ነው፤ ርቀቱም ኃይሉም ስለሚቀንስ ምጣኔው ሁለት ጊዜ ይገባል። አንድ ምሳሌ ሠርተን እንየው። ባጊው ሁለት ሰው ይዞ 700 ኪሎ ቢመዝን፣ 65 በመቶው ኋላ ላይ ቢያርፍ፣ አንዱ የኋላ ጎማ 227 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። የጎማውን፣ የፍሬኑንና የክንዱን የራሱን ክብደት ስንቀንስ ሞላው የሚይዘው 200 ኪሎ ይሆናል፤ በኒውተን 1960 ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ 10 ሳንቲ ሜትር እንዲቀመጥ ከፈለግን ጎማው ላይ በየሚሊ ሜትሩ 20 ኒውተን ያህል ያስፈልጋል። ያንን ለ0.36 ስናካፍለው የምንገዛው ሞላ በየሚሊ ሜትሩ 55 ኒውተን የሆነ ነው። ይህን ሳያሰላ በዓይን የገዛ ሰው ወይ ጋሪ ይነዳል ወይ ሆዱን መሬት ያስጎትታል።

10 ሳንቲ ሜትር ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ከጠቅላላው የጎማ ጉዞ አንድ ሦስተኛው ወደ ታች፣ ሁለት ሦስተኛው ወደ ላይ መተው የቆየ ልማድ ነው። ወደ ታች ምንም ያልተወ መኪና ጉድጓድ ሲያገኝ ጎማው መሬቱን አይከተልም።

ባሌስትራ ለጭነት መኪና ይሁን። ይከብዳል፣ በሉሁ መሐል የገባ አሸዋ ያፋትገዋል፣ ጉዞውም አጭር ነው።

ሾክ ራሱ ላይ ግን አትቆጥቡ። እንደ ሞገድ የተሸበሸበውን መሬት ስትነዱ በሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት ይግላል፤ ሲግል ይቀጥናል፣ አረፋ ይሠራል፣ ከዚያ መኪናው እንደ ኳስ ይነጥራል። ናይትሮጅን ያለበት፣ ዘይቱ የሚቀዘቅዝበት ተጨማሪ ጎን ጠርሙስ ያለው ሾክ ውድ ነው፤ ያንን ገንዘብ ከሞተሩ ቀንሱና እዚህ አውሉት።

የመጀመሪያዬ ባጊ ላይ ያጠፋሁት ጥፋት ሁለት ነበር፣ ሁለቱም ሾኩ ላይ። የላይኛውን ማሰሪያ ከአንድ ወገን ብቻ የወጣ ላሜራ ላይ ሰቀልኩት፤ ብሎኑ እንደ ጣት ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ደግሞም ጎማው ሲወርድ የሚያቆመው ቀበቶ አላሰርኩም፤ ሾኩ ራሱ እስኪያልቅ ተዘርግቶ ጎማውን ያቆም ነበር። ዱሞንት ላይ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ከቀኝ ኋላ የሚንኳኳ ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳየው ብሎኑ ጎብጧል፣ የበየድኩት ላሜራ ከቱቦው ጠርዝ ላይ እንደ ወረቀት ተቀዷል፣ ቱቦው ላይም ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለ። አሁን ብሎኑን ከሁለት ወገን በላሜራ እይዘዋለሁ፤ ከላይ የላስቲክ ማቆሚያ፣ ከታች ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ ቀበቶ አስራለሁ። ቀበቶው ሾኩንም ሲ ቪ ጆይንቱንም ያድናል፤ ዋጋው የሾኩን እሩብ አያህልም።

ፍሬሙ፦ ሻንሲ፣ ቱቦላሬ ወይስ ክብ ቱቦ

አሁን ነጥቦቹን ስታውቁ ፍሬሙ ብዙ ጥያቄ አያስነሣም።

የቮልስን ወለል (ሻንሲውን) እንዳለ መጠቀም የመጀመሪያው ነው። ፊትና ኋላ ማሰሪያው ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ ሰነድ ያለው በመሆኑም መንገድ ላይ ለማስመዝገብ ያመቻል። በፊትና በኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት 2.40 ሜትር ነው፤ ማየርስ 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ አሳጥሮት ነበር። ማሳጠሩ ክምር ጫፍ ላይ ሆዱ እንዳይሰካና ቶሎ እንዲዞር ያደርገዋል፤ በአንጻሩ ሞገድ ላይ አጭር መኪና አፍንጫና ጭራው ይወዛወዛል። ወለሉ ሲገለበጥ የሚከላከል አንዳች ነገር የለውም። የመከላከያ ቱቦውን እናንተ ትጨምራላችሁ፤ መሠረቱ ደግሞ የወለሉ ቀጭን ላሜራ ላይ ሳይሆን በመሐሉ በርዝመት የሚያልፈው ዋሻ መሰል ወፍራም ብረትና ዙሪያው ላይ መሆን አለበት።

ቱቦላሬን፣ አራት ማዕዘኑን ቱቦ፣ አገር ቤት በር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በስኳድራ ይለካል፣ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ ቱቦ ማጠፊያ አይፈልግም። ለወለሉ ዙሪያ፣ ወንበር ለሚቀመጥበት፣ ለትንሿ የሰንሰለት ባጊ ይሆናል። ከጭንቅላት በላይ ላለው ግን በፍጹም አይሁን። በቀላሉ ስለማይታጠፍ በየማዕዘኑ መበየድ ያስፈልጋል፤ ሲገለበጥ ሸክሙ የሚሄደው ወደዚያ ብየዳ ነው፣ የሚከፈተውም እዚያ ነው። ከታች ቱቦላሬ፣ ከላይ የታጠፈ ክብ ቱቦ አድርጎ መቀላቀል ይቻላል፤ ብዙ ደህና ባጊ እንዲህ ተሠርቷል።

ሙሉ በሙሉ ከክብ ቱቦ የሚሠራው ከሁሉ ይቀላል፣ ማንኛውንም ሰስፔንሽን ይቀበላል። ለሁለት ሰው ባጊ በዚህ አገር የተለመደው 38 ሚሊ የውጪ ውፍረት፣ ግድግዳው ከ2.4 እስከ 3 ሚሊ የሆነ ነው። የውኃ ቧንቧ አትጠቀሙ፤ ቧንቧ የሚሠራው ግፊት ለመያዝ እንጂ ሸክም ለመሸከም አይደለም። ስፌቱ በግልጽ የሚታየው ተራ ቱቦ ርካሹ ነው፤ ለታችኛው ክፍል ይበቃል። ዲ ኦ ኤም የሚባለው ስፌት ያለው ቱቦ ሆኖ ተጀምሮ በብርድ ተስቦ ግድግዳው የተስተካከለ ነው፤ ለመከላከያው እሱን እመርጣለሁ።

ክሮሞሊስ፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት? ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ እሱ ነው። ይጠነክራል፣ እውነት ነው፣ ስለዚህ ግድግዳውን አሳንሶ ክብደት መቀነስ ይቻላል። ነገር ግን ከተራ ብረት በላይ አይደነድንም፤ እኩል ሸክም ሲደረግበት እኩል ይለመጣል። ግድግዳውን ስታሳንሱት እንዲያውም የበለጠ ይለመጣል። በቲግ (ሽቦው በእጅ በሚጨመርበት ብየዳ) ቀስ ብሎ፣ ተስማሚ ሽቦ ተመርጦ፣ ሲያልቅም ያለ ውኃና ያለ ንፋስ ራሱ እስኪበርድ ተትቶ የሚበየድ ነው። ሚግ (ሽቦውን ማሽኑ ራሱ የሚያቀርብበት ብየዳ) ብቻ ላለው፣ የመጀመሪያውን ለሚሠራ ሰው ዲ ኦ ኤም ስሕተትን የበለጠ ይታገሣል።

የትኛውንም ቱቦ ብትመርጡ ጥንካሬው የሚመጣው ከሦስት ማዕዘን ነው። አራት ቁራጭ ብረት በብሎን አራት ማዕዘን አድርጋችሁ እሰሩና አንዱን ጥግ ግፉት፤ ያለ ልፋት ይጋደማል። ከጥግ ወደ ጥግ አምስተኛ ብረት ስታስሩ በሙሉ ክብደታችሁ ብትገፉት ንቅንቅ አይልም። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ቀስት አንድ ሰያፍ ቱቦ የግድ ያስፈልገዋል። ሾኩ የሚታሰርበት ነጥብ ሁሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ቱቦ የሚገናኝበት መሆን አለበት፤ በአንድ ቱቦ ወገብ ላይ የታሰረ ሾክ ያንን ቱቦ ያጎብጠዋል። ሄልሜት አድርጋችሁ ስትቀመጡ ከራሳችሁ እስከ ቱቦው ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ይቅር፤ የትከሻ ቀበቶው ማሰሪያ ደግሞ በትከሻ ልክ ይሁን፣ ከወለል ከሆነ ሲገለበጥ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል። የባንዲራውን ማቆሚያም አሁኑኑ በይዱ፤ ኢምፔሪያል ላይ ከመሬት 8 ጫማ ከፍ ብሎ የሚውለበለብ ባንዲራ የሌለው አይገባም፣ ከጫፉ ማዶ ያለው ሰው የሚያያችሁም በእሱ ነው።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት

መጀመሪያ ሁሉን ነጥብ በትንሽ በትንሹ ብቻ ያዙት፤ ሙሉ ብየዳ አትበይዱ። ሞላውን አውጡ፣ ቶርሽን ባሩንም አትሰኩ፤ ሾኮቹ ያለ ሞላ ይታሰሩ። ፍሬሙን በሊቬላ አስተካክላችሁ መቆሚያ ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ አንዱን ጎማ በክሪክ ከታች እስከ ላይ፣ በየሁለት ሳንቲ ሜትሩ እያቆማችሁ አንሡት። በየማቆሚያው ጣታችሁን ሲ ቪ ጆይንቱ ዙሪያ አዙሩ፣ የፍሬኑን የላስቲክ ቱቦ ተመልከቱ፣ አክስሉን በእጅ አሽከርክሩት፤ ከጨነቀው ይሰማችኋል። ከፊት ደግሞ ጎማው ላይ ቀጥ ያለ ረዥም እንጨት እሰሩና ጫፉ ወለሉ ላይ በጠመኔ ያለውን መስመር ይለቅ እንደሆነ እዩ፤ ከለቀቀ መሪው ራሱ እየዞረ ነው። ከዚያ ሁለቱንም የኋላ ጎማ እኩል አንሡ፣ ቀጥሎ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች። ይህን ሁሉ አልፎ ምንም ያልተነካካ ከሆነ ቀበቶዎቹን ለክታችሁ እሰሩ፣ ብየዳውን ጨርሱ፣ ሞላውን መልሱ፣ ቀለሙን ቀቡ።